የሱሊስ ምንጭና የዘመናችን አረማዊነት

ባዝ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡባት በመሆኗ ስሟ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በከተማይቱ መካከል ሙቀቱ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ፣ በቀን 1,170,000 ሊትር ያህል የሚመነጭ ፍል ውኃ አለ። የጥንቶቹ ኬልቶች የዚህ ምንጭ ባለቤት ሱሊስ የተባለች እንስት አምላክ ናት ብለው ያምኑ ነበር።

ሮማውያን በ1ኛው መቶ ዓመት አገሩን ሲይዙ ሱሊስን አልሻሯትም፤ ሚኔርቫ ከምትባለው ከራሳቸው እንስት አምላክ ጋር አዋሕደው ሱሊስ ሚኔርቫ አሏት። መሐንዲሶቻቸውም በረግረጉ ውስጥ የኦክ ግንድ ተክለው መሬቱን ካጸኑ በኋላ፣ ምንጩን በእርሳስ በተለበጠ የድንጋይ ግንብ ከበቡት፤ በአጠገቡም ቤተ መቅደስ አቆሙ። ለትርፉ ውኃ የሠሩት መውረጃ ቦይ እስከ ዛሬ ድረስ ውኃውን ወደ ኤቮን ወንዝ ያወርዳል።

ስለ ሱሊስ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚሁ ስፍራ በቁፋሮ የተገኘ ነው። በ1727 የፍሳሽ ቦይ ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች በወርቅ የተለበጠ፣ ከነሐስ የተሠራ የሚኔርቫ ራስ አገኙ። ከምንጩም ውስጥ በስስ እርሳስ ላይ የተጻፉ 130 ያህል የእርግማን ጽሑፎች ወጥተዋል። በእነዚህም ካባው ወይም ገንዘቡ የተሰረቀበት ሰው ሌባውን እንድትቀጣለት ይለምናታል። ስለ ልደቷና ስለ ገድሏ የሚተርክ አፈ ታሪክ ግን አልቀረልንም። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሮማ አገዛዝ ከብሪታንያ ሲያከትም ሕንጻው እየፈራረሰ ሄደ፤ አምልኮውም ቀረ።

ዛሬ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች ራሳቸውን አረማውያን ብለው የሚጠሩ ሰዎች ሱሊስን፣ የአየርላንዷን ብሪጊድንና ሌሎችንም የኬልት እንስት አማልክት ያከብራሉ። ከእንቅስቃሴው ጠንሳሾች አንዱ የሆነው ጄራልድ ጋርድነር፣ የጥንቆላ ሕግ በ1951 ከተሻረ ከ3 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ እምነቱ ከጥንት ጀምሮ በስውር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው ሲል ጻፈ። የታሪክ ሊቁ ሮናልድ ሃተን ግን በ1999 ባወጣው ጥናት ይህ የትውልድ ሰንሰለት በማስረጃ እንደማይደገፍ አሳየ። እንደ እርሱ አገላለጥ፣ እምነቱ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ከነበሩት ሥነ ጽሑፍና ምስጢራዊ ማኅበራት ተውጣጥቶ በ20ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ነው። ከአማኞቹም ብዙዎቹ ይህን ተቀብለዋል።

አዲስ መሆን በራሱ ነውር አይደለም፤ ሃይማኖት ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ነበር። ይሁን እንጂ በጥንት መሠረት ላይ አዲስ ግንብ የሚያቆም ሰው፣ የትኛው ድንጋይ የጥንት፣ የትኛው የዛሬ እንደሆነ ለይቶ መመዝገብ ይገባዋል። ይህ ካልተደረገ፣ ካባው ተሰርቆበት በምንጩ ዳር የቆመው ያ ሰው ለሱሊስ የተናገረው የገዛ ራሱ ቃል በእኛ ምኞት ተሸፍኖ ይቀራል።