የልጆች ጨዋታ በቀደሙትና በኋለኞቹ ሊቃውንት ዘንድ

ሐይቅ በሀገራችን የትምህርት ታሪክ ከፍ ብሎ የሚጠራ ሥፍራ ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው አስተምረዋልና። ነገር ግን በዚያው በሐይቁ ዳርና በአምባሰል ተራሮች ሥር መምህርና መጽሐፍ የሌለው ሌላ ትምህርት አለ፤ እርሱም የልጆች ጨዋታ ነው። ስለ ገዳሙ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጨዋታው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ልጅ ስለ ምን ይጫወታል? ይህን ጥያቄ የመረመሩት የአውሮጳ ሊቃውንት በየዘመናቸው ልዩ ልዩ መልስ ሰጥተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ጀርመናዊው ሺለር በ1795፥ ከእርሱም በኋላ እንግሊዛዊው ስፔንሰር፥ ጨዋታ የተረፈ ኃይል መውጫ ነው አሉ። ላዛሩስ በ1883 ይህን ገልብጦ የደከመ ኃይል መመለሻ አደረገው። ግሮስ በ1896 እና በ1899 ባወጣቸው መጻሕፍት ጨዋታ ለመጪው ኑሮ መለማመጃ ነው ሲል፥ አሜሪካዊው ሆል ደግሞ ልጅ በጨዋታው የጥንት አባቶቹን ኑሮ ይደግማል አለ።

እነዚህን አሳቦች በአንድ የአምባሰል እረኛ እንመዝናቸው። ቀኑን ሙሉ ከብት ሲመልስ የዋለ ልጅ፥ ከብቱን በረት አስገብቶ ድብብቆሽ ይጫወታል፤ እንግዲህ የተረፈው ኃይል ወዴት ነው? ሊያርፍ ነው እንዳንልም፥ ከእንቅልፉ አሁን የነቃው ሕፃን እንኳ ይጫወታል። እቃ እቃ የምትጫወተው ልጅ የእናቷን ሥራ ትለማመዳለች ቢባል እውነት ነው፤ ድብብቆሽ ግን ለየትኛው ሥራ ያዘጋጃል? የሆል አሳብ የተመሠረተበት የሥነ ሕይወት ትምህርትም ኋላ ውድቅ ሆኗል።

የኋለኞቹ ሊቃውንት ጥያቄውን ለወጡት፤ በጨዋታው ጊዜ በልጁ አእምሮ ውስጥ ምን ይሠራል? አሉ። ስዊሳዊው ፒያዤ የጄኔቭንና የኑሻቴልን ልጆች ስለ ብይ ጨዋታ ሕግ እየጠየቀ መልሳቸውን በ1932 አሳተመ። በ1945 ባወጣው መጽሐፍም የጨዋታን ሦስት ደረጃዎች ገለጸ፤ እነዚህም እንቅስቃሴን መደጋገም፥ ማስመሰልና በሕግ መጫወት ናቸው። ሩሲያዊው ቪጎትስኪ በ1933 ባደረገው ንግግር ደግሞ፥ ጨዋታ የልጁን ዕድገት እንደሚመራ አስረዳ። ሕፃኑ በትሩን ፈረስ ሲለው፥ የነገሩን ትርጉም ከነገሩ ለይቶ ማሰብ ይጀምራል።

ይህንን ወደ ድብብቆሻችን ብናመጣው ቀድሞ ያጣነውን መልስ እናገኛለን። ዓይኑን የጨፈነው ልጅ ማየት እየቻለና እየፈለገ አያይም፤ ማንም ሳያስገድደው ለሕግ ይታዘዛል። ስለዚህ ጨዋታው የሚያዘጋጀው ለአንድ ሥራ ሳይሆን፥ ፈቃዱን ለመግዛት ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት ጨዋታን ለምርምር የሚገባ ነገር በማድረጋቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ለወላጅና ለመምህር የሚጠቅመው ግን የኋለኞቹ መንገድ ነው፤ ልጅን ከጨዋታ የሚያባርር ሰው፥ ሥራ ፈትነትን የከለከለ ቢመስለውም፥ የዘጋው ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ መምህራንና ተማሪዎች የየአውራጃቸውን ጨዋታ ከነሕጉ ከሽማግሌና ከሕፃናት ጠይቀው ቢጽፉ፥ ሐይቅን ያስከበረው የመጻፍ ልማድ ለልጆቿም ይደርሳቸዋል።