አሮጌ ኮምፒውተሮች በበጎ ፈቃድ የጋራ ስሌት

የበጎ ፈቃድ የጋራ ስሌት አንድ ግዙፍ ሳይንሳዊ ስሌት በትናንሽ ሥራዎች ተከፋፍሎ፣ በኢንተርኔት አማካይነት በፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ላይ የሚከናወንበት ዘዴ ነው። ሥራዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቅ አዝጋሚ የሆነ አሮጌ ኮምፒውተርም ድርሻውን ማበርከት ይችላል።

ዘዴው በሰፊው የታወቀው በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1999 እ.ኤ.አ. በጀመረው ሴቲ አት ሆም ነው። ፕሮጀክቱ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ ከምድር ውጭ ያሉ ፍጡራንን ምልክት ሲያስስ ቆይቶ በ2020 እ.ኤ.አ. አዲስ ሥራ ማደል አቁሟል። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቦይንክ የተባለ ሶፍትዌር ግን ሌሎች ፕሮጀክቶችን ማገልገሉን ቀጥሏል።

ለአሮጌ ኮምፒውተር ወሳኙ ነገር የሥራ ምርጫ ነው። እያንዳንዱ ሥራ የማስረከቢያ ቀነ ገደብ አለው፤ ቀኑ ካለፈ ሥራው ለሌላ ኮምፒውተር ይሰጣል። ስለዚህ አነስተኛ ራም የሚፈልጉና ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጡ ሥራዎች ይመረጣሉ። ለምሳሌ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ግዙፍ ቁጥሮችን የሚፈልገው ጊምፕስ፣ ለደካማ ኮምፒውተሮች የቀድሞ ውጤቶችን እንደገና የማረጋገጥን የመሰለ ቀለል ያለ ሥራ ይመድባል።

ፕሮሰሰሩ ያለማቋረጥ ሲሠራ ስለሚግል የማቀዝቀዣውን አቧራ ማጽዳትና በቦይንክ ቅንብር የፕሮሰሰሩን አጠቃቀም መገደብ ዕድሜውን ያራዝማል። አሮጌ ኮምፒውተር ለአንድ ውጤት ከአዲሱ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ስለሆነም ይበልጥ የሚጠቅመው ለሌላ ጉዳይ በርቶ ሳለ በትርፍ አቅሙ ሲሠራ ነው።