ቀዳዳው ከተሰፋ በኋላ

የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያሉ የሚጠሩት ሰፈር ያለው ሆስፒታል፣ ድሮ ስሙ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነበር፡፡ አውስትራሊያዊቷ ዶ/ር ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 እዚያ የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነው፡፡ ኮንትራታቸው 3 ዓመት ነበር፡፡ ባለቤታቸው በ1993፣ እሳቸው ደግሞ በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ግን ሥራቸው እዚሁ ቀረ፡፡ (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ያስቀራቸው ፊስቱላ ነው፡፡ ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፡፡ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይከፈታል፡፡ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፡፡ ከዚያ በኋላ ሽንት ቀን ከሌት ይንጠባጠባል፤ አንዳንዴ ዓይነ ምድርም አብሮ፡፡ ሐምሊኖች በ1974 ለዚህ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙ፡፡ እስካሁን ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል፡፡

ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለንም፡፡ ታሪኩ ሲነገር ግን ሁሌም የሚያልቀው አንድ ቦታ ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሴትየዋ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል፣ ወደ አገሯ ትሳፈራለች፡፡ ደስ ይላል! እኛ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግነው ተሰፍቶላቸውም ሽንታቸው አልቆም ስላላቸው ነው፡፡

እስቲ ከጨርቁ እንጀምር፡፡ እኛ ከተሜዎቹ ሞዴስ ለመግዛት እንኳ ባለሱቁ በጥቁር ፌስታል ካልጠቀለለልን እናፍራለን፡፡ ፊስቱላ ያለባት ገጠሬ ያላት አሮጌ ነጠላ ቀድዶ መታጠቅ፣ ሰው ሳያይ ወንዝ ወርዶ ማጠብ፣ ሳይደርቅ ደግሞ መታጠቅ ነው፡፡ እንዳይፈሳት ብላም ውሃ መጠጣት ትቀንሳለች፡፡ የሚብሰው ይህ ነው፤ ውሃ ያነሰው ሽንት ይወፍራል፣ ሽታው ይጠነክራል፣ ገላዋን ይልጠዋል፡፡ ሆስፒታሉ ስትደርስ የሚነገራት ተቃራኒውን ነው፦ ጠጪ! ቀዶ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ቱቦ ገብቶላት ብዙ ውሃ ትጠጣለች፡፡

ይህን ለማስረዳት ደግሞ ያለፈበት ሰው ይሻላል፡፡ ከአስታማሚዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ታካሚ የነበሩ ናቸው፡፡ ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼ በልጅነታቸው ለመታከም መጥተው፣ አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፣ አስኳላ ሳይገቡ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም እስከመሆን ደርሰዋል፡፡ ስለ እሳቸው ብዙ ተጽፏል፡፡ ስም ሳይጠራላቸው አንሶላ የቀየሩት ግን ይበዛሉ፡፡

ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጠው ለምንድን ነው? አንዷ ፊኛዋ ተኮማትሯል፤ ሌላዋ ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻዋ ተጎድቷል፡፡ ቀለል ላለው የጡንቻ ስፖርት አለ፡፡ ለአንዳንዶቹ ሆስፒታሉ ትንሽ መድፈኛ ሞክሯል፤ ሴትየዋ ራሷ በሽንት መውጫዋ ታስገባዋለች፣ መሽናት ስትፈልግ ታወጣዋለች፡፡ ፊኛቸው ጨርሶ ለማይጠገን ደግሞ ሽንቱ በሆድ በኩል እንዲወጣ ተደርጎ ከረጢት ይለጠፍላቸዋል፡፡ ከረጢቱ ይሞላል፣ ይደፋል፣ ይቀየራል፡፡ ስለዚህም የሚቀየር ከረጢት፣ ንጹህ ውሃና ሳሙና በየጊዜው ያስፈልጋል፡፡ እኛ እንደሚመስለን «ዳነች፣ አልዳነችም» የሚለው አከፋፈል የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው፤ ይቺ ሴት ከረጢቷ እስካለ ድረስ ደረቅ ናት፣ ገበያ ትወጣለች፣ አውቶቡስ ላይ ማንም አይገላምጣትም፡፡

ደስታ መንደር የተሠራውም ለዚህ ነው፡፡ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የተቆረቆረው፣ ከሐኪም ርቀው መኖር ለማይችሉ ሴቶች መኖሪያ ይሆናል ተብሎ ነበር፡፡ በትናንሽ ቤቶች ተጋርተው ኖሩ፤ አትክልት ተከሉ፣ ፊደል ቆጠሩ፡፡ እየቆየ ግን ሐሳቡ ተለወጠ፡፡ ሴቶቹ ለዘለዓለም ከሚሰበሰቡ ሥራ ተምረው ወደ ኅብረተሰቡ ይመለሱ ተባለ፤ መንደሩም የማገገሚያና የሥልጠና ማዕከል ሆነ፡፡ እኛም በዚህ እንስማማለን፤ ማንም ሰው በበሽታው ስም በተከለለ መንደር ማርጀት የለበትም፡፡ ሆስፒታሉም ወደ እነሱ ቀረብ ብሏል፤ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል፡፡ ከረጢቱ ግን የመንደር ሱቅ ከሳሙናና ከክብሪት ጋር ደርድሮ የሚሸጠው ዕቃ አይደለም፡፡ አገሯ የተመለሰችው ሴት ያለቀባት ዕለት፣ መቱ ድረስ የምትሳፈርበትን ብር ከየት ታመጣለች?