ሣቁ በማን ላይ ነው?

በዶርማችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ የውጭ አገር ልቦለድ አለ። የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሚስቶችን የሚመለከት ነው፤ አሥቂኝ ነው ተብሎለታል። ጫማ፣ ሽቶ፣ መኪና፣ ቅናት፤ ከዚያ ደግሞ ጫማ። ሠላሳ ገጽ ያህል ሣቅሁ። ከዚያ ወዲያ የገለጥኩት ተራዬ እንዳይባክን ብዬ ነው። ለምን እንደ ሰለቸኝ የገባኝ ግን የአገሬ ልጅ መጽሐፍ ትዝ ሲለኝ ነው።

ሀዲስ አለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ ደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ መቼም የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ሰሙን ሲያሳምር ወርቁ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያውቃል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይኸው ትምህርት ይታያል ባይ ነኝ። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ሊቀጡ ዘምተው ራሳቸው ይማረካሉ። ታሪኩን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሁሉ ሣቀ። የተሣቀው ግን በሹመቱ፣ በዘር ቆጠራው፣ በጉልተኛው ሥርዓት ነው እንጂ በወይዘሮ ጥሩአይነት ቀሚስ አይደለም።

የዚያ ልቦለድ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡም ጉልበቱም ያለው ባልየው እጅ፤ ደራሲው ግን እሱን አልፎ ሚስቲቱን ይነክሳል። የክለቡ ባለቤትማ ጭራሽ አይነካም! አዝማሪ ቢሆን ኖሮ እሱን ሳይወጋ ከመድረክ አይወርድም ነበር።

ሀዲስንም ቢሆን ዝም ብዬ አላልፋቸውም። በወይዘሮ ጥሩአይነት አልተሣቀም፤ እሳቸውም ግን ሲያስቁ አልሰማሁም።

የኛ ስፖርተኞች ሚስቶችስ? አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ አገር በእልልታ ተቀበለው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ፤ በ1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ አገኘ፤ በኋላ ዘመን ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ በ1994 ዓ.ም. ተፈታ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። በነዚያ ዓመታት ቤቱን ማን ያዘ? ልጅ ማን አሳደገ? ይህን የሚተርክ የአማርኛ ልቦለድ አላነበብኩም።

እዚያ ቤት ሣቅ አልነበረም ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚለው ጎጃም ውስጥ ለቅሶ ቤት ያልተቀመጠ ብቻ ነው። ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ሴቶቹ ስለ ሟቹ የሚጫወቱትን ሰምቼ ቡናው ትን ብሎኝ ያውቃል።

መጽሐፉን ለቀጣዩ ተረኛ አስረክቤያለሁ። ሠላሳ ገጽ ይበቃዋል።