«ጨነቀኝ» እና «ተጨነቅሁ»፦ የሥጋት ቃላት በሐዋሳ የእንግሊዝኛ ክፍል

ሐዋሳ ውስጥ ለማስተምራቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «እናቴ ስለ እኔ ታስባለች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱ ሰጥቻቸው ነበር። አብዛኞቹ «ማይ ማዘር ቲንክስ አባውት ሚ» ብለው ጻፉ። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ነገር ግን ይህን የሚያነብ እንግሊዛዊ እናቲቱ ልጇን በናፍቆት ስታስታውስ ይታየዋል እንጂ፣ ከአለታ ወንዶ የተሳፈረው ልጅ ሳይደውል ሲመሽባት ደጅ ደጁን የምታየዋ ሴት አትታየውም። «ዎሪ» የሚለው ቃል መግባት ነበረበት፤ አልገባም።

ጥፋቱን በተማሪዎቹ ላይ ለመጫን ይከብደኛል። አማርኛ ማሰብንና መስጋትን በአንድ ግስ ያስተናግዳል፤ «ሐሳብ ገባኝ» ያለ ሰው አዲስ ሐሳብ አፈለቀ ማለት አይደለም። የግእዙ ሐሰበ ቆጠረ፣ አሰላ ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት መሆኑ ከዚሁ ነው፤ ሒሳብም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። ስለዚህ የምታስብ እናት ቀኑንም፣ መንገዱንም፣ ሊደርስ የሚችለውንም ክፉ ነገር ትቆጥራለች። ከሐዋሳ በስተሰሜን ሻሸመኔ ሲደረስ የሚሰማው ኦሮምኛም ከዚህ አይርቅም፦ ያዱ ማሰብ ነው፤ ከዚያው ሥር የወጣው ያዶ ደግሞ ሥጋት።

ሁለተኛው የጋራ ሥዕል ጥበት ነው። «አንክሸስ» የመጣው አንቆ መያዝን፣ መጭመቅን ከሚያመለክት የላቲን ግስ ሲሆን፣ የጀርመንኛው «አንግስት» ዘመዱ ነው። «ዎሪ»ም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ማነቅ ነበር፤ ውሻ በግ ሲያሳድድና ሲነክስ ዛሬም በዚሁ ቃል ይነገራል። ኦሮምኛ ዺጲና ሲል ጥበትንም ጭንቀትንም ይዞ ነው። እኛም «ጨነቀኝ ጠበበኝ» እንላለን። ሆኖም አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ የሆነ እጥፋት አለው። በግእዝ ጸበበ ጠባብ ሆነ፣ ጠበበ ደግሞ ጠቢብ ሆነ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች ሲያዋሕድ ጥበትና ጥበብ አንድ ቤት ገቡ። «ተጨንቆ ተጠቦ ሠራው» ስንል እያመሰገንን ነው፤ ሰውየው ታመመ ማለታችን አይደለም። ይህን በ«አንክሸስ» ብትመልሱት ሙገሳው ወደ ሕመም ይለወጣል። «አንክሸስ» በፋንታው መጓጓትንም ይይዛል፤ ጭንቀት በሚለው ፍች ብቻ ያጠኑት ልጆች ፈተና ላይ የሚሰናከሉት እዚህ ነው።

ዋናው ልዩነት ግን ያለው በግሱ አካሄድ ላይ ይመስለኛል። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች እነዚህን ቃላት ብዙውን ጊዜ በክብደት ይደረድራሉ፤ «አንኢዚ» ቀለል ያለው፣ «ዎሪድ» መካከለኛው፣ «ድሬድ» የከበደው። አማርኛ ደግሞ አስቀድሞ ማን ማንን እንደያዘ ይጠይቃል። «ጨነቀኝ» እንደ ራበኝና በረደኝ ነው፤ ሰውየው ባለቤት አይደለም፣ ተሳቢ ነው፤ ነገሩ መጥቶበታል። «ተጨነቅሁ» ሲል ግን ራሱ ባለቤት ሆኖ ገብቶበታል። ስለዚህ «አትጨነቅ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ በሌላኛው ግስ ግን ለሰውየው ትእዛዝ የለም፣ «አይጭነቅህ» ብሎ መመኘት ብቻ ነው። «ፈራሁ» እና «ሰጋሁ» ከባለቤቱ ወገን ይቆማሉ፤ «አሳሰበኝ» ከተሳቢው። እንግሊዝኛ «አይ አም ዎሪድ» ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቅጽል ይሸፍናቸዋል።

ስለ «ኮንሰርንድ» ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቢሮዎቻችን ራሳቸው ይናገራሉ። «የሚመለከተው አካል» በእኛ አገር እንግሊዝኛ «ዘ ኮንሰርንድ ቦዲ» ነው። በእንግሊዞች ልማድ ግን ቃሉ ከስም ፊት ሲቀመጥ የሚያሳስበው፣ የተጨነቀ ወደሚል ፍች ያደላል፤ የሚመለከተው ለማለት ከስሙ ኋላ ይመጣል። የሚመለከተው አካል ሁልጊዜ ነገሩ ያሳስበዋል ወይ የሚለውን፣ ጉዳይ ለማስፈጸም ተሰልፎ የዋለ አንባቢ ይፍረድ።

ልዩነቱ ከክፍል ወጥቶ ሐኪም ቤት ሲገባ ግን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና በአገራችን ጥናቶችም የሚሠራበት የጭንቀት መለኪያ 7 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይያዝለታል፣ ጣሪያው 21 ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ነርቨስ»፣ «አንክሸስ» እና «ኦን ኤጅ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በአንድነት ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄው መጠይቅም «ነርቨስ»፣ «ቴንስ» እና «ዎሪድ»ን አንድ ላይ ያስራል። በእንግሊዝኛ ይህ መደራረብ መረብ ማስፋት ነው፤ አንዱ ቃል ያመለጠው በሌላው ይያዛል። በእኛ ከተሞች ግን «ነርቨስ» የሚባለው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነው፤ «ነርቤን ነካው» ያለም ተናደደ እንጂ አልሰጋም። ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ ግልፍተኛውን ይቆጥራል። ሦስቱም «ጭንቀት» በሚለው አንድ ቃል ቢጠቃለሉ ደግሞ የፈተና ሰሞን ተማሪና እንቅልፍ ያጣ ሕመምተኛ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። «ብዙ ያስባሉ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅስ? ልጇን ሩቅ አገር የላከች እናት ሁሉ «አዎ» ትላለች፤ ነጥቧም ይመዘገባል።

የሐዋሳ ተማሪ ሸክም ድርብ ነው። ቤቱ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ይናገራል፣ ገበያ ወጥቶ በአማርኛ ይግባባል፣ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ደግሞ በእንግሊዝኛ ይከታተላል። ሕመሙን ለሐኪም ሲናገር የትኛውን ግስ እንደሚመርጥ መስማት ከነጥቡ በፊት ይቀድማል።

ስለዚህ መጠይቅ ለምትተረጉሙ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ስም ለስም አትተኩ፤ በግስ ጠይቁ። «ጨነቀዎት ወይ?» እና «ተጨነቁ ወይ?» የሚሉትን ለይታችሁ አስቀምጡ። ወረቀቱም ከመታተሙ በፊት ሐዋሳ መናኸሪያ ልጇን አሳፍራ ለቆመች አንዲት እናት ይነበብላት፤ የገባትን በራሷ ቃል ትንገራችሁ።