የበዓል ተርኪ ከገበሬው ደጅ

አሜሪካኖች በእኛ ኅዳር አጋማሽ ላይ የሚውል አንድ ትልቅ ሐሙስ አላቸው። የምስጋና ቀን ይሉታል። ያን ዕለት ዘመድ ከያለበት ይሰባሰባል፤ ገበታው መሐል ደግሞ ሙሉውን የተጠበሰ ተርኪ ጉብ ይላል። ለእኛ የፋሲካ ዶሮ እንደማለት ነው።

አብዛኛው ሰው ተርኪውን የሚገዛው ከሱፐርማርኬት ነው፤ እንደ ድንጋይ የደረቀ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ። አንዳንዱ ግን ከወራት በፊት ለገበሬ ቀብድ ይከፍልና በዓሉ ሲደርስ መኪናውን አስነስቶ እርሻው ድረስ ሄዶ ይወስዳል። ዋጋው አይቀመስም። ሱፐርማርኬቱ ደንበኛ ለመሳብ ሲል ብዙ ጊዜ በኪሳራ ጭምር እየሸጠ፣ ይሄ ሰውዬ ገጠር ለገጠር ምን አንከራተተው? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

ድሮ ተርኪ ገበያ የሚሄደው በእግሩ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ዳንኤል ዴፎ በ1720ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ ከኖርፎክና ከሰፎክ ወደ ለንደን ስለሚነዳው የተርኪ መንጋ ጽፏል። በስቱር ወንዝ ላይ ባለ አንድ ድልድይ ብቻ በአንድ ወቅት 300 መንጋ ማለፉን ጠቅሶ፣ ሁሉም ቢደመር ወደ 150,000 ተርኪ እንደሚሆን አስልቷል። አሜሪካም እንዲሁ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቬርሞንት ገበሬዎች ተርኪያቸውን እየነዱ ቦስተን ድረስ ይወርዱ ነበር። ኮረኮንቹ እግሩን እንዳይልጠው ሬንጅ ያስረግጡታል። ሲመሽ ነጂው ወደደም ጠላም መንጋው ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰፍራል። በቃ! እስኪነጋ ጉዞ የለም። ጣራ ያለው ድልድይ ውስጥ ሲገባ እንኳ ጨለማውን አይቶ “መሽቷል” ብሎ ይቆማል ይባላል።

እንግዲህ ያን ጊዜ ተርኪ ማለት የሚራመድ፣ የሚበር፣ ራሱን የሚችል ፍጥረት ነበር። ገዢውም የሚገዛውን በዓይኑ ያያል። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል አይደል ነገሩ።

በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የምስጋና ቀን በመላ አገሪቱ እንዲከበር አወጁ። ሣራ ጆሴፋ ሄል የተባለች የመጽሔት አዘጋጅ ለዓመታት ስትወተውት የቆየችበት ጉዳይ ነበር። በዓሉ እየሰፋ ሲሄድ ባቡሩና ማቀዝቀዣው መጡ። ተርኪው በእግሩ መሄዱን ተወ። ገዢና አርቢም በዚያው ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ተርኪውን የሚቀርጸው ማእድ ቤቱ ሆነ። በቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ፣ ዛሬ ሐበሻ ከበዛበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት የምርምር ጣቢያ፣ ከ1934 እስከ 1941 ባለው ጊዜ አንድ አዲስ ዝርያ ተዳቀለ። የከተማ ቤተሰብ ትንሽ ነው፣ ምድጃውም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ተርኪውም ትንሽ ይሁን ተባለ። ነጭ እንዲሆን የተፈለገው ደግሞ ጥቁር ላባ ሲነጭ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ስለሚተው ነው። ይህ ትንሹ ነጭ ተርኪ ጥቂት ጊዜ ገበያውን ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ግን ደረተ ሰፊው ግዙፍ ነጭ ተርኪ መጥቶ ገፈተረው፤ በ1970ዎቹ ጨርሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ዛሬ ገበያውን የያዘው ይኸው ደረተ ሰፊው ነው። ደረቱ ከመግዘፉ የተነሳ ወንዱ ሴቷን ማጥቃት አቅቶት የሚራባው በሰው እጅ ነው። ያ ዛፍ ላይ የሚሰፍረው ተርኪ የት ደረሰ? በ1997 የዝርያ ጥበቃ ባለሙያዎች ሲቆጥሩ፣ በመላ አሜሪካ የቀሩት የጥንት ዝርያ እርቢ ተርኪዎች 1,500 እንኳ አይሞሉም ነበር።

ያዳናቸው ማን ይመስላችኋል? በላተኛው! የጥንቱን ዝርያ የያዙ ጥቂት ገበሬዎች ነበሩ፤ ዋጋውን ከፍሎ ደጃቸው ድረስ የሚመጣ ደንበኛ ሲያገኙ ማርባት ጀመሩ። በ2006 የእርቢዎቹ ቁጥር 8,800 ገደማ ደረሰ። ለቢላዋ የሚፈለግ ተርኪ ዘሩ ተረፈ፤ ማንም የማይጠይቀው ግን ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ቀብድ የሚከፍለው ሰውዬ ሥጋ ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ ገበሬው ለከርሞም እንዲያረባ ምክንያት እየሰጠው ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ገና ዶሮዋን በቁሟ እናያለን። ደረቷን ዳብሰን፣ ክንፏን ገልጠን፣ ገብስማ ነች ቀይ ነች ብለን ተከራክረን እንገዛለን። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችንም ለፋሲካ እርሻ ድረስ የሚሄዱት ያለነገር አይደለም። የሱፐርማርኬቱ ዶሮ ወጥ ውስጥ ገብቶ ብዙ ሲንተከተክ ይፈራርስባቸዋላ! አገር ቤትም ቢሆን የፈረንጅ ዶሮ ከገባ ቆይቷል። ርካሽ እንቁላልና ሥጋ ለብዙ ቤት ስላደረሰ ሊነቀፍ አይገባም። አሜሪካም ርካሹ ተርኪ ለድሃው ጎጆ በዓል አምጥቷል።

ችግሩ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲረሳ ነው። በበዓል ዋዜማ የሐበሻ ዶሮ ይዛ ከገጠር የምትመጣ እናት ዋጋዋን ካላገኘች፣ ትርፉን ሁሉ ደላላ ከወሰደው፣ ነገ ለምን ብላ ታረባለች? አሜሪካኖች ጥያቄውን የጠየቁት 1,500 እርቢ እንኳ ሳይቀራቸው ነው። እኛ ገና በደጃችን ስትጮህ እየሰማናት ነው።