ርስትና እርፍ፤ ስለ ጎጃም ሴቶች ድርሻ

በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ተነገረው የሰለጰአድ አምስቱ ሴቶች ልጆች፥ ማህለህና ኑዓ፥ ዔግላና ሚልካ፥ ቲርጻም፥ በደብተራ ኦሪት ደጃፍ በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ጠየቁ። እግዚአብሔርም ነገራቸው ቅን መሆኑን መስክሮ ርስቱ እንዲሰጣቸው አዘዘ። ዳሩ ግን ይህ የተፈረደላቸው አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ስለ ሞተ ነው፤ ወንድም ቢኖራቸው ኖሮ ርስቱ ለእርሱ በሆነ ነበር። ሁለተኛም ርስቱ ወደ ሌላ ነገድ እንዳያልፍ ከአባታቸው ነገድ ውጭ እንዳያገቡ ታዘዙ።

የጎጃም ባላገር ግን በርስት ነገር ከዚህ አልፎ ሄዶ ነበር። ከጮቄ ተራራ ግርጌ በጎዛምን፥ በማቻከል፥ እስከ ዳሞትም ድረስ፥ ሴት ልጅ ርስት የምትካፈለው ወንድም ሲታጣ ብቻ አልነበረም። ወንድሞች ያሏትም ሴት ከወንድሞቿ ጋር ድርሻ ነበራት፤ ባል አግብታ ወደ ሌላ አጥቢያ ብትሄድም መብቷ ከዘር ሐረጓ ጋር ይኖራል እንጂ አይፋቅም ነበር። ርስት የሚቆጠረው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ ነው፤ ሐረጉም በወንድ በኩል ብቻ ሳይሆን በሴትም በኩል ይወርዳል። ስለዚህ ሰው በአባቱ አባት ርስት እንደሚጠይቅ በእናቱ እናትም ይጠይቅ ነበር። በዳኛ ፊት ትውልዱን ሲቆጥር የሴት ቅድመ አያቱን ስም የሳተ ሰው መሬቱን ያጣ ነበርና፥ ኩሩው ባላባት እንኳ የሴት አያቶቹን ስም እንደ ዳዊት በቃሉ ያጠና ነበር።

በጋብቻም እንዲሁ ነው። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሴቲቱ ይዛ የመጣችውን ይዛ ትሄዳለች፤ አብረው ያፈሩትንም እኩል ይካፈላሉ። በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት ሀብቷን በስሟ ለመያዝ ሙሉ ፈቃድ ያገኘችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓመተ ምሕረት በወጣው ሕግ መሆኑን የሚያስብ አንባቢ፥ የጎጃም አባቶች ሥርዓት የሚናቅ እንዳልሆነ ያስተውላል።

እንግዲህ ሥርዓቱ እንዲህ ከሆነ የጎጃም ሴት ከወንድ እኩል ትኖር ነበር ወይ? ቢሉ፥ አልነበረም። ያልታረሰ ርስት ከስም በቀር እህል አይሆንም፤ ማረስም ለወንድ ብቻ የተተወ ሥራ ነበር። በሬ መጥመድ፥ እርፍ መጨበጥ፥ ጅራፍ ማጮኽ የወንድ ነው። ሴቲቱ ጤፉን ታርማለች፥ በአጨዳ ጊዜ ታግዛለች፥ ውኃ ትቀዳለች፥ ሌሊት በወፍጮ ትፈጫለች፥ ጥጥ ትፈትላለች፤ ድካሟ ከባሏ ድካም አያንስም። ነገር ግን እርፉን አትጨብጥምና የእርሻው ጌታ እርሷ አትባልም።

የዚህም ውጤት በመበለቲቱና በፈቲቱ ላይ ይታይ ነበር። ባሏ የሞተባት፥ ልጇም ለእርሻ ያልደረሰላት ሴት መሬቷን በእኩል ለሚያርስ ሰው ትሰጣለች፤ ከገዛ ርስቷም ግማሹን እህል ሌላ ይወስደዋል። የፈታችይቱ ሴት ደግሞ ወደ ወንድሞቿ ትመለሳለች፤ ወንድሟም ድርሻዋን ያርስላታል። ነገር ግን ዓመት ዓመትን ሲተካ «ያርስላታል» የሚለው ቃል «ያርሳል» ወደሚለው ይለወጣል፤ እነዚያም የወደቁት ሁለት ፊደላት የእርሷ ድርሻ ነበሩ። ልክሰስ ብትል ከሥጋ ዘመዷ ትጣላለች፤ ከሸንጎም ብትደርስ ርስቱን የሚያከፋፍሉትና ስለ ትውልዱ የሚከራከሩት ወንዶች ናቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ዕውቀቷ ማነስ አይመስልም፤ ተረቱ ራሱ ማወቋን አምኗልና። የሚናገረው ነገሩን የሚፈጽመው ማን እንደ ሆነ ነው።

በእርሻ የሆነው በትምህርትም ሆነ። ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ ፊደል ይቆጥራል፤ ዳዊት ከደገመ በኋላ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይወጣል። እናቱ እንዳታስቀረው ተሰውሮ የሚሄድም ብዙ ነው። እኅቱም በዚያው ዕድሜ ከቤት ትወጣለች፤ የእርሷ መንገድ ግን ወደ አማቷ ቤት ነው። ይህም የጥንት ነገር ብቻ አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች እኩሌታ የሚበልጡት 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንደ ተዳሩ አሳይቷል።

ተማሪው በሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል። የሚለምነው በሴት ስም ነው፤ የሚለምነውም ሴትን ነው፤ ቁራሹን አውጥታ የምትሰጠው የቤቱ እመቤት ናትና። ስለዚህ የጎጃም የቅኔ መምህራን ሁሉ ሴቶች በጋገሩት እንጀራ የተማሩ ናቸው። ያችው እመቤት ግን የራሷን ሴት ልጅ ወደዚያ ጉባኤ ልትልክ አትችልም ነበር፤ ልጃገረድ በየደጁ ስትለምን ልትውል፥ በሣር ጎጆም ከወንዶች መካከል ልታድር አይገባም ተብሏልና። እንግዲህ ቤተ ቅኔን በሴት ላይ የዘጋው ምሥጢሩን አትችልም የሚል ቀኖና አይደለም፤ ወደ ቤተ ቅኔ የሚያደርሰው መንገድ ለወንድ ልጅ እግር ብቻ የተቀደደ መሆኑ ነው።

ለዚህም ምስክሮቹ በሌላ መንገድ የገቡት ሴቶች ናቸው። ንግሥት እሌኒ በጎጃም ሰፊ ግዛት ነበራቸው፤ መርጡለ ማርያምንም አሳነጹ። ዐፄ ልብነ ድንግል ሕፃን በነበሩ ጊዜ መንግሥቱን በምክር የመሩ እርሳቸው ናቸው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1509 ዓመተ ምሕረትም ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ መዊዕ ተቀምጠው ግዕዝ ተማሩ፤ በኋላም በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ሠራዊት ይዘው ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ከእነርሱ ይልቅ ለዚህ ነገር የሚቀርቡት ግን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን በሕፃንነታቸው ጠፋ፤ ነገር ግን ከአባታቸው ከቅኔው መምህር ዘንድ ተቀምጠው ቅኔን ከነአገባቡ ተማሩ፤ በኋላም ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ለብዙ ወንዶች ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። ቅኔ ሲዘረፍ ስሕተቱን በጆሮ የሚለዩት፥ ሰሙንና ወርቁን የሚያበጥሩት፥ ዜማ ልኩን የሚያርሙት እኒህ ሴት ነበሩ።

ሦስቱም በማዕርግና በዘመን የተራራቁ ሲሆኑ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ አንዳቸውም በአኩፋዳ አልተማሩም። አንዷን ቤተ መንግሥት፥ አንዷን ገዳም፥ አንዷን የአባት ቤት አስገባቸው። አባቷ የቅኔ መምህር ያልሆነ፥ የልቡናዋ ስለት ግን እንደ እማሆይ ገላነሽ የነበረ ባላገር ልጅ በጎጃም ምን ያህል እንደ ተወለደች ማንም ሊቆጥር አይችልም፤ የተዘረፈ ቅኔ ይጻፋል እንጂ ሳይዘረፍ የቀረው አይጻፍምና።

ከዚህ በኋላ የመጡትም ሕጎች ይህን ልማድ ወዲያው አላፈረሱትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ፥ ሚስት ከሕግ ባልወጣው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አዘዘ፤ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድታገባ ፈቀደ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጥንቱን ርስት ሽሮ፥ መሬት ያለ ጾታ ልዩነት ለሚያርስ ሰው ሁሉ እንዲሰጥ አወጀ። ቃሉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን «ለሚያርስ» የሚለው እንደ ገና ወደ እርፉ መለሳት። ያው አዋጅ ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ሲከለክል፥ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፥ ለታመመና ላረጀ ሰው ግን ፈቀደ። እነሆ ጤነኛይቱ ሴት ከድውይና ከሽማግሌ ጋር ተቆጠረች፤ ያነሳት ግን ጉልበት ሳይሆን ልማድ ነበር።

በኋላ ነገሩ እየተሻሻለ መጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሴቶችን እኩልነት ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ። በ1990ዎቹም የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀመር፥ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለው የጎዛምን ወረዳ ከመጀመሪያዎቹ መሞከሪያ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በደብተሩም የባልና የሚስት ስም በአንድነት ተጻፈ፤ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን ተለጠፈ። የጥንቱ ባላገር በቃሉ ይዞት የኖረው የሴት ስም እንዲህ በወረቀት ላይ ሰፈረ።

ሆኖም የጎጃም ታሪክ አስቀድሞ ያስተማረው አንድ ነገር አለ። የሴት ድርሻ በስም መታወቁ በዚያ አገር አዲስ አይደለም፤ ብዙ መቶ ዓመት ታውቆ ኖሯል፤ መታወቁ ብቻውንም አልጠቀማትም። ድርሻዋን ያስቀረባት በመብቷና በፍሬው መካከል የቆመው ነገር ነው፤ እርሱም በእርሻው እርፉ፥ በትምህርቱ መንገዱ፥ በሸንጎው ነገርን የመፈጸም ሥልጣኑ ነው። የሰለጰአድ ልጆች ከደጃፍ ቆመው በተናገሩ ጊዜ ሙሴ ነገራቸውን ሰምቶ ወደ እግዚአብሔር አቀረበው እንጂ፥ ልማዱ እንዲህ አይደለም ብሎ አልመለሳቸውም። ዳኛም ቢሆን፥ ሽማግሌም ቢሆን፥ የሴት ልጅ አባትም ቢሆን፥ ነገር ወደ ደጁ ሲመጣ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባ ይህን ነው።